ታይፎይድና ታይፈስ ተገኘብኝ፤ ግን እውነት አለብኝ?

ሰላም ለሁላችሁ። የማይክሮባዮሎጂ ላብራቶሪ ውስጥ ነው የምሠራው። መድኃኒት ስለተላመዱ ባክቴሪያዎች ጠይቁኝ ብዬ ነበር፤ ገሚሱ ጥያቄ ታይፎይድ ላይ ሆኖ አረፈው። ከእሱ እንጀምር።

ጥያቄ፦ ዶክተር፣ በዓመት ሦስት ጊዜ ታይፎይድና ታይፈስ ይገኝብኛል። ሲፕሮ እወስዳለሁ፣ ይሻለኛል፣ ደግሞ ይመለሳል። ጀርሙ ተደብቆብኝ ይሆን?

መልስ፦ ዶክተር እንኳን አይደለሁም፣ የላብራቶሪ ሰው ነኝ። ምርመራዋን ግን በደንብ አውቃታለሁ። ዊዳል ትባላለች፤ በፈረንጆቹ ከ1896 ጀምሮ ያለች አሮጊት ናት። ከደምዎ አንድ ጠብታ፣ ከመመርመሪያ ፈሳሹ ጠርሙስ አንድ ጠብታ፣ ስላይድ ላይ ቀላቅሎ መወዝወዝ ነው። አሸዋ አሸዋ የሚመስል ነገር ከታየ «ፖዘቲቭ» ተብሎ ይጻፋል።

ችግሩ ዊዳል ጀርሙን አትፈልግም። የምትፈልገው ሰውነትዎ ጀርሙን ለመዋጋት የሠራውን አንቲቦዲ ነው። እሱ ደግሞ ጀርሙ ከሄደ በኋላም ይቆያል። ሌላ የሳልሞኔላ (የታይፎይድ ጀርም ወገን) ዘር፣ አንዳንዴ ወባም ያሳስታታል። የታይፈሱም ምርመራ ከዚያው ቤት ነው። ጥቂት ሰዎች ሐሞት ከረጢት ውስጥ ጀርሙ መደበቁ እውነት ነው፤ እሱን ግን ዊዳል ለይታ አትነግርዎትም። የእርስዎ ሕመም በራሱ የሚለቅ ቫይረስ ሊሆን ይችላል። ሲፕሮው ግን ዝም ብሎ አልወጣም። አንጀትዎ ውስጥ ያሉትን ደካማ ባክቴሪያዎች ጠርጎ፣ የተላመዱትን ትቶልዎት ነው የሄደው።

ጥያቄ፦ ታዲያ ምን ልመርመር?

መልስ፦ ሐኪምህን ስለ ደም ካልቸር፣ ማለትም ባክቴሪያውን ከደም ስለማብቀል፣ ጠይቀው፤ መድኃኒት ሳትጀምር በፊት። ባክቴሪያው ከበቀለ ሰሃን ላይ እንዘራዋለን፤ መድኃኒት የተነከሩ ትንንሽ ክብ ወረቀቶች እናስቀምጥበትና እናሳድረዋለን። ጠዋት ሲከፈት፣ መድኃኒቱ የሚሠራ ከሆነ በወረቀቱ ዙሪያ ጥርት ያለ ክብ ይታያል። በማስመሪያ በሚሊ ሜትር እንለካዋለን። ካልሠራ ባክቴሪያው እስከ ወረቀቱ ጠርዝ ድረስ ይለብሳል። አንድ ጠዋት የሽንት ናሙና ሰሃን ከፍቼ አንድም ክብ አጣሁ። ማስመሪያዬን መልሼ ኪሴ ከተትኩ።

ካልቸርም ቢሆን እውነተኛ ታይፎይድ ካለባቸው የሚይዘው ግማሽ ያህሉን ነው። ቀናት ይፈጃል፣ ብርም ይጠይቃል። ዊዳል ያልሞተችው ለዚህ ነው።

ጥያቄ፦ መድኃኒት እምቢ ያለ ታይፎይድ አለ የሚባለው እውነት ነው?

መልስ፦ ትልቁ ታሪክ የፓኪስታን ነው። በፈረንጆቹ 2016 መጨረሻ ሲንድ ግዛት፣ ሃይደራባድ ከተማ ውስጥ ሴፍትሪያክሶን የሚባለው የመርፌ መድኃኒት የማይነካው ታይፎይድ ተነሳ። ሲፕሮም፣ የድሮዎቹ እነ ክሎራምፌኒኮልም አይሠሩለትም። አቅሙን ያገኘው ከሌላ ባክቴሪያ በፕላዝሚድ ነው፤ ፕላዝሚድ ማለት ባክቴሪያዎች የሚቀባበሏት ትንሽ የዲኤንኤ ቀለበት ናት። በአፍ ከሚወሰዱት የቀረው አዚትሮማይሲን ብቻ ሆነ፤ ሌላው እንደ ሜሮፔነም ያለ በደም ሥር የሚሰጥ ውድ መድኃኒት ነው። በ2019 አገሪቱ አዲሱን የታይፎይድ ክትባት በመደበኛ የሕፃናት ክትባት ውስጥ አስገባች፤ ከዓለም ቀዳሚዋ ናት። ነገሩ የተደረሰበትም የአጋ ካን ዩኒቨርሲቲ ላብራቶሪ ካልቸር ይሠራ ስለነበር ነው። በዊዳል ቢሆን ኖሮ ያው «ፖዘቲቭ» ተብሎ ይታለፍ ነበር። እኛም ጋ ሴፍትሪያክሶን እንደ ውሃ ነው የሚወጋው፤ እኔን የሚያሳስበኝ ይኼ ነው።

ጥያቄ፦ ሲሻለኝ መድኃኒቱን ባቆመውስ?

መልስ፦ የሳንባ ነቀርሳ ከሆነ በፍጹም። በሌሎቹ ሐኪሞች ራሳቸው ቀኑን እያሳጠሩ ነው፤ ግን ውሳኔው የሐኪምሽ ነው። የተረፈውን ለጎረቤት መስጠት ይቅር።

ጥያቄ፦ ከዋሽንግተን ለበዓል ልመጣ ነው። ሲፕሮ ይዤ ልምጣ?

መልስ፦ በመርፌ የሚሰጠውን የታይፎይድ ክትባት ከጉዞሽ ቢያንስ ሁለት ሳምንት ቀደም ብለሽ ተከተቢ። ሲፕሮውን እዚያው ተይው።

ጥያቄ፦ እናቴ «ታይፎይድ ነው» ካላሏት ሐኪሙን አታምንም። ምን ላድርግ?

መልስ፦ የእኔም እናት እንደዚያው ናት። ባለፈው ሳምንት ራሷን ሲያማት እኔን ትታ ሰፈር ያለ ክሊኒክ ሄዳ ተመረመረች። ፖዘቲቭ።