ቴቨኒንና ኖርተን፦ ጠይቁ፣ ልመልስ

ጥያቄ፦ በኪርቾፍ ሕግ ሁሉንም ማስላት እየቻልኩ ቴቨኒን ምን ያደርግልኛል?

መልስ፦ ሎዱ (ከረንቱን የሚጠቀመው ዕቃ) በተቀየረ ቁጥር እንደ አዲስ ከማስላት ያድንሃል፤ የቀረውን ሰርኪውት በሙሉ በአንድ ቮልቴጅ ሶርስና ከእሱ ጋር በተከታታይ በተያያዘ አንድ ሬዚስታንስ ይተካዋልና። የ12 ቮልት ሶርስ ከ6 ኦምና ከ3 ኦም ጋር በተከታታይ ተያይዟል እንበል። ሎዱ የሚገባው በ3 ኦሙ ጫፎች ላይ ነው። መጀመሪያ ሎዱን ንቀለው። ጫፎቹ ላይ 12 × 3 ÷ 9 = 4 ቮልት ታገኛለህ። ቀጥሎ ሶርሱን አውጣና ቦታውን በሽቦ ዝጋው። ከጫፎቹ ሲታይ 6ቱና 3ቱ ትይዩ ናቸው፤ 2 ኦም። አለቀ! 2 ኦም ሎድ ብታስገባ 1 አምፒር፣ 6 ኦም ብታስገባ ግማሽ አምፒር ይሄዳል። ካልኩሌተርም አያስፈልግህ።

ጥያቄ፦ ኖርተንስ?

መልስ፦ ያው ነው። 4 ÷ 2፣ የ2 አምፒር ከረንት ሶርስ፤ 2 ኦሙ ደግሞ ከጎኑ በትይዩ። በነገራችን ላይ ፈረንሳዊው ቴቨኒን ሐሳቡን ያሳተመው እ.ኤ.አ. በ1883 ነው። ሄልምሆልትዝ ግን በ1853 ቀድሞት ነበር። ስሙ ለማን እንደደረሰ እያያችሁ ነው።

ጥያቄ፦ ዲፔንደንት ሶርስ (መጠኑ በሰርኪውቱ ሌላ ቦታ ባለ ቮልቴጅ ወይም ከረንት የሚወሰን ሶርስ) ካለስ? እሱንም አጠፋዋለሁ?

መልስ፦ እንዳታጠፊው! ፈተና ላይ ብዙ ሰው ነጥብ የሚጥለው እዚህ ጋ ነው። ሌሎቹን ሶርሶች ብቻ አጥፊ። ከዚያ ጫፎቹ ላይ 1 ቮልት ስጪና የሚገባውን ከረንት አስዪ። 1ን ለከረንቱ ስታካፍዪ ሬዚስታንሱ ይወጣል።

ጥያቄ፦ የመኪናዬ ባትሪ ሲለካ 12.6 ቮልት ነው፤ ሞተር ግን አያስነሳም። ከዚህ ጋር ይገናኛል?

መልስ፦ በደንብ እንጂ! መልቲሜትር ከረንት የሚስበው እዚህ ግባ የማይባል ስለሆነ የሚያሳይዎት የቴቨኒኑን ቮልቴጅ ብቻ ነው። የውስጥ ሬዚስታንሱን አይነግርዎትም። ሬዚስታንሱ 0.01 ኦም ቢሆን 100 አምፒር ሲሳብ የሚወድቀው 1 ቮልት ነው። 0.05 ከደረሰ ግን 5 ቮልት ውስጡ ይቀራል፤ ለሞተሪኖው 7.6 ብቻ ይደርሰዋል። ስለዚህ ቁልፉ ተይዞ ሞተሪኖው ለመዞር ሲታገል ይለኩ። አንዴ በባትሪው እርሳስ ላይ፣ አንዴ በሽቦው ማሰሪያ ላይ። ልዩነቱ ሰፊ ከሆነ ባትሪ ከመግዛትዎ በፊት ማሰሪያውን ያጽዱ። የኖርተኑን ከረንት (ጫፎቹ ሾርት ሲሆኑ የሚሄደውን) አገኛለሁ ብለው ግን ጫፎቹን ሾርት እንዳያደርጉ፤ ያቃጥላል፣ ሊፈነዳም ይችላል።

ጥያቄ፦ በተተካው ሰርኪውት ጠቅላላ ኃይሉን አስልቼ ከዋናው ጋር አልገጠመልኝም። የት ነው የተሳሳትኩት?

መልስ፦ ስሌትህ ልክ ነው፤ መግጠምም የለበትም። ያለ ሎድ የላይኛው ምሳሌ 144 ÷ 9 = 16 ዋት ይበላል። ቴቨኒኑ ዜሮ ነው። ተተኪው የሚመሳሰለው ከጫፎቹ ወደ ውጭ ብቻ ነው። የሎዱን ቮልቴጅ ከተተኪው ካገኘህ በኋላ የውስጡን ኃይል በዋናው ሰርኪውት ላይ አስላ።