የኤጅክሮፍት ሆል እንጨትና ግድግዳ

ጥያቄ፦ ልጆቼን ይዤ ሪችመንድ ሄጄ ኤጅክሮፍት ሆል የሚባል የእንግሊዝ ቤት ጎበኘን። ዕድሜው አምስት መቶ ዓመት ነው ተባልን። ልጄ «አሜሪካ ራሷ መቼ ተመሠረተችና?» ብሎ ጠየቀኝ። እውነተኛ ነው ወይስ አምሳያ?
(አንባቢ፣ ከአሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ)

መልስ፦ እህቴ፣ ቤቱ እውነተኛ ነው፤ እንደ ጥንቱ ግን አልቆመም።

የተሠራው በ15ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ፣ ማንቸስተር አጠገብ፣ ከኢርዌል ወንዝ ሸለቆ በላይ ነው። በኋላ የድንጋይ ከሰል ጉድጓድና የባቡር ሐዲድ ዙሪያውን ከበቡት፤ ቤቱም ተጎሳቆለ። እ.ኤ.አ. በ1925 ለጨረታ ሲቀርብ የሪችመንዱ ባለጸጋ ቲ. ሲ. ዊልያምስ ገዛው። ነገሩ የእንግሊዝ ፓርላማ ድረስ ደርሶ አነጋግሯል፤ ሽያጩ ግን ጸና።

እኔ የአናጺ ልጅ፣ ራሴም አናጺ ነኝና ከሁሉ የሚደንቀኝ አፈታቱ ነው። እንዲህ ያለ በኦክ፣ ማለትም በጠንካራ የዛፍ እንጨት፣ የተሠራ ቤት በሚስማር አይያዝም። ቋሚው ይቦረቦራል፣ የአግዳሚው ጫፍ ተጠርቦ ይገባበታል፣ ከዚያ ሁለቱን አሳልፎ የእንጨት ችካል ይመታል። ችካሉ ከወጣ መጋጠሚያው ሳይሰበር ይለቃል። ለዚህ ነው ቤቱ ተፈትቶ፣ በሣጥን ታሽጎ፣ አትላንቲክን በመርከብ ሊሻገር የቻለው። የታላቁ አዳራሽ የመስታወት መስኮትም አብሮ መጥቷል። ምርጊትና ልስን ግን እንደ እንጨት አይፈታም፤ በእኛም አገር የጭቃ ቤት ሲነሣ የሚተርፈው ቋሚውና ማገሩ ነው።

በ1928 ሪችመንድ ውስጥ፣ ከጄምስ ወንዝ በላይ፣ መልሶ የመገጣጠሙ ሥራ ሲጠናቀቅ አርክቴክቱ ሄንሪ ግራንት ሞርስ የቀድሞውን ፕላን አልተከተለም። በእንግሊዙ የቀድሞ ቦታው በላንካሺር እያለ ቤቱ በአራቱም ጎን ግቢውን ከቦ የቆመ ነበር። ዊልያምስ ግን ዘመናዊ ምቾት ያለው መኖሪያ ፈለገ፤ ያ ቅርጽ ቀረ። ይህ ያንገበግበኛል። አንድ ቤት አጥሩንና ግቢውን ሲያጣ ሰዎቹ እንዴት ይኖሩበት እንደነበር ማንበብ ያስቸግራል። ቢሆንም ተጎሳቁሎ ከሚጠፋ መሻገሩን እመርጣለሁ። ዊልያምስ በ1929 አረፈ፤ በኑዛዜው መሠረት ቤቱ በ1969 ሙዚየም ሆኖ ተከፈተ።

ዳግም ከሄዱ ልጅዎ የችካሎቹን ራስ እንዲፈልግ ያድርጉ። ከጎኑ ያለውን ቨርጂኒያ ሀውስንም አይለፉት፤ እሱ ደግሞ ከእንግሊዙ ዋሪክ ገዳም ፈርሶ በመጣ ድንጋይ የተሠራ ነው።