ወንድምሽ ስለ ገንዘቡ ልክ ነው፤ ስለ መሬቱ ግን ተሳስቷል

በሲቪል ምህንድስና ተመርቀሽ ለሁለተኛ ዲግሪ አልፈሻል፤ ልታጠኚ የምትፈልጊው የአርማታ ቢም (አግዳሚው ተሸካሚ) እና ፍሬም (የቢሞችና የኮለኖች አጽም) በመሬት መንቀጥቀጥ ጊዜ የሚያሳየውን ባሕርይ በኮምፒውተር ሞዴል ማስላት ነው። ያሳደገሽ ታላቅ ወንድምሽ ግን «ይህ የጃፓን ትምህርት ነው፤ ሳይት ገብተሽ ደመወዝ አምጪ» ይልሻል። ሒሳብሽ እንደሚደክም፣ ፕሮግራም መጻፍም እንደማትችዪ ነግረሽኛል።

እህቴ፣ «የጃፓን ትምህርት» የሚለው አስቆጥቶኛል። በ1953 ዓ.ም. በደሴ መንገድ ላይ ባለችው ካራቆሬ አካባቢ መሬት ሲንቀጠቀጥ የማጀቴ ከተማ ፈርሳለች። በ2017 ዓ.ም. ከአዋሽና ከፈንታሌ የተነሣው ንዝረት አዲስ አበባ ደርሶ ሰው በሌሊት ልጁን አቅፎ ከፎቅ ወርዷል። ይህን ለወንድምሽ በአክብሮት፣ ግን ሳታለሳልሺ ንገሪው።

ስለ ገንዘቡ እውነት አለው። እስከ ዛሬ የተሸከመሽን ሰው ሁለት ዓመት ጨምርልኝ ማለት ከባድ ነው። ስለዚህ ሳይት ግቢ፤ ትምህርቱን በማታ ተማሪ።

ይህን የምልሽ ለኪስሽ ብቻ ብዬ አይደለም። እኔ ዲዛይን ቢሮ ከመግባቴ በፊት ሰባት ዓመት ሳይት ላይ ሠርቻለሁ። አንድ ማለዳ አርማታ ሊሞላ ሲል ኮለን (ቋሚው ምሰሶ) እና ቢም የሚገናኙበትን ቦታ ጎንበስ ብዬ ሳይ አንድም ስታፋ፣ ማለትም ቋሚዎቹን ፌሮዎች ዙሪያቸውን የሚያቅፍ የብረት ቀለበት፣ የለበትም። ሥዕሉ ላይ ግን አለ። ፌሮ ሠራተኛው «እዚያ እጅ አይገባም» አለኝ። ሙሌቱን አስቆምሁ፤ ቀኑን ሙሉ ስሰደብ ዋልሁ። ከዓመታት በኋላ ሞዴል መሥራት ስጀምር፣ በተለመደው አሠራር ያ መገጣጠሚያ ፍጹም የማይበገር ተደርጎ እንደሚወሰድ አየሁ። ስታፋ የሌለው መገጣጠሚያ ግን ንዝረቱ ወዲህና ወዲያ ሲያመላልሰው በሰያፍ ይሰነጠቃል፤ ፌሮውም ከአርማታው ውስጥ ይንሸራተታል። የአገራችን የሕንፃ ኮድ በመገጣጠሚያው ላይ የኮለኖቹ የመታጠፍ አቅም ከቢሞቹ ቢያንስ 1.3 እጥፍ እንዲሆን የሚያዝዘው፣ ቢሙ ቀድሞ ተጎድቶ የንዝረቱን ጉልበት እንዲውጥና ኮለኑ ቆሞ እንዲቀር ነው። መገጣጠሚያው ካልያዘ ያ ስሌት ዋጋ የለውም። የስታፋው ጫፍ 135 ዲግሪ ወደ ውስጥ ካልታጠፈም ፌሮውን የሸፈነው የኮለኑ የአርማታ ልባስ ሲረግፍ ተከፍቶ ይለቃል። ምድር ቤቱ ለሱቅ ክፍት ተትቶ ከላይ በብሎኬት የተዘጋውን ሕንፃ ደግሞ በየመንገዱ ታዪዋለሽ፤ ብሎኬቱን ያላስገባ ሞዴል ጉዳቱ የት እንደሚከማች አያሳይሽም። የጥናትሽን ርዕስ ከእነዚህ ውስጥ ምረጪ።

ሒሳቡን አትፍሪው፤ ማትሪክስንና የንዝረት ትምህርትን ከሥር ጀምረሽ ድገሚ። ለፕሮግራሙ ኦፕንሲስ (OpenSees) የተባለው የመሬት መንቀጥቀጥ ማስሊያ ሶፍትዌር በነፃ ይገኛል፤ በላቦራቶሪ የተፈተነ አንድ ኮለን ብቻ በእሱ ሞዴል ሠርተሽ ውጤትሽን ከፈተናው ጋር አመሳክሪ።

ስትቀጠሪ የፌሮ ቁጥጥር ላይ መድቡኝ በዪ። ቢሮ ተቀምጠሽ የክፍያ ሰነድ እንድታዘጋጂ ከፈለጉ፣ ደመወዙ ቢበልጥም ሌላ ሳይት ፈልጊ።