ከጡት ካንሰር ሕክምና በኋላ አቅማችሁን ስለመለካት ጠይቁኝ

ሰላም ደሴና ኮምቦልቻ! ፊዚዮቴራፒስት ነኝ። ሕክምና የጨረሱ እህቶች «ትንፋሼ ያጥረኛል፣ አቅሜን በምን ልወቅ?» ይሉኛል። ዛሬ ጠይቁኝ።

ጥያቄ፦ ትክክለኛው መለኪያ የቱ ነው?

መልስ፦ ዋናው ጭምብል አድርጋችሁ፣ በመሮጫ ማሽን ወይም በብስክሌት እስከ አቅማችሁ ጥግ እየሠራችሁ፣ ሰውነታችሁ የሚጠቀመው ኦክስጅን የሚለካበት ነው። ማሽኑ ከሌለ የ6 ደቂቃ እርምጃ አለ። 30 ሜትር ሜዳ ላይ ሳትሮጡ፣ በተቻላችሁ ፍጥነት ወዲያ ወዲህ ትሄዳላችሁ፣ ከዚያ ርቀቱን መመዝገብ ነው። ማረፍ ይቻላል፣ ሰዓቱ ግን አይቆምም። ደረቱን የሚያመው ሰው ሐኪም ሳያየው አይሞክር።

ጥያቄ፦ ኮምቦልቻ ደህና ነኝ፣ ደሴ ስወጣ ግን ትንፋሼ ቁርጥ ይላል። ልቤ ይሆን?

መልስ፦ እህቴ፣ ኮምቦልቻ 1,850 ሜትር አካባቢ ነው፣ ደሴ ወደ 2,500 ይጠጋል። ከፍታ ላይ አየሩ ስለሚሳሳ ጤነኛም ይደክመዋል፣ ስለዚህ የሁለቱን ከተማ ውጤት አታወዳድሪ። ግን ዶክሶሩቢሲን ወይም ትራስቱዙማብ የሚባሉትን የካንሰር መድኃኒቶች ወስደሽ ከሆነ ሁለቱም ልብን ሊያደክሙ ይችላሉ፣ ዶክሶሩቢሲን ደግሞ ጉዳቱ ከዓመታት በኋላም ሊመጣ ይችላል። ሜዳ ላይም ካጠረሽ፣ እግርሽ ካበጠ፣ ሌሊት ስትተኚ ካፈነሽ «የደሴ ዳገት ነው» ብለሽ እንዳትተይው፣ በናትሽ! የልብ አልትራሳውንድ ተነሺ። የደም ማነስም ትንፋሽ ያሳጥራልና አብረሽ ተመርመሪ።

ጥያቄ፦ የልጄ ስማርት ሰዓት ቁጥር ይሰጠኛል፣ ልመነው?

መልስ፦ እትዬ፣ ሰዓቱ ሰውነትዎ የሚጠቀመውን ኦክስጅን አይለካም፣ ከልብ ምትዎ ተነስቶ ይገምታል እንጂ። ከኬሞ በኋላ ምት ሊፈጥን ይችላል፣ እንደ አቴኖሎል ያለ የግፊት መድኃኒት ደግሞ ያዘገየዋል። ግምቱም ይዛባል። ይልቅ እየሄዱ ያውሩ። ማውራት ችለው መዝፈን ካቃተዎት እንቅስቃሴው መካከለኛ ነው፣ ጥሩ ነው።

ጥያቄ፦ እናቴ በቀዶ ጥገናው በኩል ክንዷ ያብጣል። መራመድ ይጎዳታል?

መልስ፦ አይጎዳትም፣ ትራመድ። ግፊቷን ግን በሌላኛው ክንድ ለኩላት።

ጥያቄ፦ በረመዳን እየጾምኩ ልለካ?

መልስ፦ አይሆንም። ውሃ የጠማው ሰውነት ልቡ ስለሚፈጥን ውጤቱ ያሳስትሻል፣ ከጾሙ በኋላ ይሁን።

ጥያቄ፦ ስንት ልሥራ፣ መቼስ ልድገመው?

መልስ፦ በሳምንት 3 ቀን፣ በእያንዳንዱ ቀን 30 ደቂቃ መካከለኛ እርምጃ ድካሙን ይቀንሳል። ከ3 ወር በኋላ የ6 ደቂቃውን መለኪያ እዚያው ቦታ፣ በዚያው ሰዓት፣ በዚያው ጫማ ድገሚውና ከራስሽ የቀድሞ ውጤት ጋር አስተያዪው።