ከአሜሪካ ጦር ወጥታችሁ መዝገባችሁ ላይ ስህተት ያለባችሁ ሐኪሞች፣ ጠይቁኝ

ድሮ በአሜሪካ ጦር ሐኪም የነበሩ፣ አሁን አዲስ አበባ ተመልሰው የሚሠሩ ወዳጆች አሉኝ። አራት ኪሎ ቡና ይዘን በተቀመጥን ቁጥር ወሬው እዚያው ይገባል፤ "ወጥቻለሁ፣ ወረቀቴ ግን ተበላሽቷል።" እኔ ሐኪምም ጠበቃም አይደለሁም። እዚያው ጦር ውስጥ የሰው ኃይል ቢሮ ፋይል ሳገላብጥ የኖርኩ ነኝ። የማውቀውን እመልሳለሁ።

ጥያቄ፦ የመዝገብ ማረሚያ ማመልከቻውን ፎርም፣ ዲዲ 149ን፣ አውርጃለሁ። ሞልቼ ልላከው?

መልስ፦ ቆይ፣ አትቸኩል። ስህተቱ የት ነው ያለው? ሐኪም ሦስት ዓይነት ፋይል አለው። አንዱ የሰው ኃይል ፋይል ነው፤ ማዕረግ፣ ምደባ፣ የሥራ ግምገማ፣ ሲወጡ የሚሰጠው የመሰናበቻ ወረቀት፣ ዲዲ 214፣ እዚያ ነው። ሁለተኛው የሙያ ብቃት ፋይል ነው፤ የትኛውን ሕክምና እንድትሠራ ሆስፒታሉ እንደፈቀደልህ፣ በሥራህ ላይ ምርመራ ተካሂዶብህ ከሆነም ውጤቱ። ሦስተኛው አንተው ራስህ ታመህ የታከምክበት ካርድ ነው። ሰው እነዚህን አደባልቆ ያመለክትና ወራት ጠብቆ "ይህ እኛን አይመለከትም" ይባላል።

ስለዚህ መጀመሪያ ቅጂ አስመጣ። ሚዙሪ፣ ሴንት ሉዊስ ያለው ብሔራዊ የሰው ኃይል መዛግብት ማዕከል በኤስኤፍ 180 ቅጽ ይሰጥሃል። ዲዲ 214 ስትጠይቅ "ሜምበር 4" የሚባለውን ቅጂ በል። አጭሩ ቅጂ የተሰናበትክበትን ምክንያት አያሳይም፣ ለምንም አይረባህም።

ጥያቄ፦ መዝገብ ማረሚያ ቦርድ ሳልገባ የሚስተካከል ነገር የለም?

መልስ፦ አለ እንጂ። የጸሐፊ ስህተት ከሆነ፣ ለምሳሌ የተዘለለ ሜዳሊያ ወይም የተሳሳተ ቀን፣ ትክክለኛውን ትዕዛዝ አያይዘህ ለጦሩ ትጽፋለህ። ዲዲ 214 ተቀዶ አዲስ አይሰጥህም፤ ዲዲ 215 የሚባል ማረሚያ ይወጣና አብሮት ይያያዛል። በዚህ ያልተፈታ ነገር ነው በዲዲ 149 ወደ መዝገብ ማረሚያ ቦርድ የሚሄደው። ምድር ጦር፣ ባሕር ኃይልና አየር ኃይል የየራሳቸው ቦርድ አላቸው፤ ማሪኖች በባሕር ኃይሉ ይዳኛሉ። ቦርዶቹ ላይ የሚቀመጡት ሲቪሎች ናቸው። ቀላሉን በር ሳታንኳኳ ቦርድ ብትሄድ ይመልሱሃል።

ጥያቄ፦ የአባቴ ስም ወልደ ሚካኤል ነው። ዲዲ 214ዬ ላይ ግን ቤተሰብ ስም "ሚካኤል"፣ መሀል ስም "ወልደ" ሆኖ ተጽፏል። እዚህ ባንክም፣ የውል ሰነድ ላይም ሌላ ሰው ነኝ።

መልስ፦ የእኛ ሰው በሽታ ይሄ ነው! አንደኛዋ ሳጥን መጀመሪያ የቤተሰብ ስም ትፈልጋለች፣ የእኛን ስም የሚያውቅ ጸሐፊ ደግሞ የለም። መልሱ አንድ ነገር ላይ ይወሰናል። ጦሩ ውስጥ ስትገባ የፈረምክባቸው ወረቀቶች ምን ይላሉ? እነሱ ላይ "ወልደሚካኤል" ተብሎ ዲዲ 214 ላይ ብቻ ከተበተነ የጸሐፊ ስህተት ነው፣ በዲዲ 215 ይታረማል። ከመጀመሪያው በተበተነው ስም ገብተህ፣ ደመወዝም በዚያው በልተህ ከወጣህ ግን ችግር አለ። የምድር ጦሩ ቦርድ ደጋግሞ የሚጽፈው ነገር አለ፤ መዝገብ የተጻፈበትን ጊዜ ሁኔታ ማሳየት አለበት ይላል። በዚህ ምክንያት ይከለክሉህና ውሳኔውን ፋይልህ ውስጥ ያስቀምጡታል። አትናደድ። ያ ውሳኔ ራሱ ሁለቱ ስሞች የአንድ ሰው መሆናቸውን ለሚጠይቅህ ሁሉ ያስረዳል፤ ብዙ ጊዜ የሚያስፈልግህም ይኸው ነው።

ጥያቄ፦ የእኔ ደግሞ ልደት ነው። ጥር 4 ቀን 1962 ተወልጄ፣ ዓመቱ ሳይቀየር በእኛው አቆጣጠር ገባ። 8 ዓመት አስረጁኝ።

መልስ፦ ያንተ ልደት በእነሱ ጃንዋሪ 12 ቀን 1970 ነው። ይሄ ከስም ይለያል፤ ሰው ልደቱን አይቀይርም፣ ስለዚህ ስህተቱ ከመነሻው ስህተት ነው። የልደት የምስክር ወረቀትህን አስተርጉም፣ የድሮ ፓስፖርትህን ጨምር። ሶሻል ሴኩሪቲ (የአሜሪካ የማኅበራዊ ዋስትና ቢሮ) ላይ ያለውን ልደት ሳታይ ግን ምንም አትላክ። እዚያም 1962 ካለ መጀመሪያ እሱን አስተካክል፤ ሁለት የመንግሥት ቢሮ የተለያየ ቀን ይዘው ቦርዱ የትኛውን ይመን? ተጠባባቂ ጦር ውስጥ ጡረታ አስቆጥረህ ከሆነማ ነገሩ የገንዘብ ነው፤ ያ ጡረታ በመደበኛው በ60 ዓመት ነው የሚጀምረው።

ጥያቄ፦ ቤተሰብ ሐኪም ሆኜ ተመርቄ ወረቀቱ የሥራ ኮዴን 62ቢ ይላል። ልምዴን የጠየቀኝ ሆስፒታል ግራ ገባው።

መልስ፦ 62ቢ የመስክ ሐኪም ነው። ቤተሰብ ሐኪም 61ኤች፣ የውስጥ ደዌ 61ኤፍ ነው። እህቴ፣ ባታሊዮን ላይ ተመድበሽ ነበር አይደል? ምድቡ 62ቢ ከነበረ ያ ኮድ ውሸት አይደለም፣ ቦታውን ነው የሚናገረው። የሚያዋጣሽ "62ቢ ይጥፋ" ማለት ሳይሆን 61ኤችም እንዲጨመር መጠየቅ ነው። የስፔሻሊቲ ትዕዛዝሽንና የስፔሻሊስት ቦርድ ሰርተፊኬትሽን አያይዢ። ለአዲስ አበባው ሆስፒታል ግን ይህን አትጠብቂ፤ የሬዚደንሲ ሰርተፊኬትሽ ከዲዲ 214 የበለጠ ያሳምነዋል።

ጥያቄ፦ አለቃዬ በቂም ግምገማዬን አበላሸው። አሁን ከወጣሁ በኋላ ይሰረዛል?

መልስ፦ ሊሰረዝ ይችላል፣ ግን ከባዱ ይሄ ነው። አለቃው የጻፈው ትክክል ነው ተብሎ ነው የሚጀመረው፤ ማስረጃ የማምጣቱ ሸክም ያንተ ነው። ዘንድሮ አብረውህ ከሚሠሩ ዶክተሮች "ጎበዝ ነው፣ ትሑት ነው" የሚል ደብዳቤ አሥር ብትደረድር ማንም አያነበውም። በዚያ ጊዜ እዚያ ክፍል የነበረች አንዲት ነርስ፣ ያየችውን ቀን ጠቅሳ የጻፈችው አንድ ገጽ ይበልጣል። የተረኛ ዝርዝር፣ የዚያን ጊዜ ኢሜይል፣ ትዕዛዝ፣ እነዚህን ፈልግ። "ቂም ነበረው" አትበል፤ "በዚህ ቀን ይህን ጻፈ፣ በዚያው ቀን ግን ሰነዱ ይህን ይላል" በል። ቦርዱ አያውቅህም፤ የሚያውቀው ወረቀቱን ነው።

ጥያቄ፦ የሐኪሞች ብሔራዊ ዳታ ባንክ (የሕክምና ስህተት ክፍያና ቅጣት የሚመዘገብበት) ላይ የተመዘገበብኝንስ ቦርዱ ያጠፋልኛል?

መልስ፦ በቀጥታ አያጠፋም። ዳታ ባንኩ የጦሩ አይደለም፣ በጤና ሚኒስቴራቸው ሥር ነው። መጀመሪያ ሪፖርቱን የላከው አካል እንዲያርመው ትጠይቃለህ፤ እምቢ ካለ እዚያው ባንኩ ውስጥ ሪፖርቱን ተቃውመህ እንዲታይልህ ታመለክታለህ። ያንተን አስተያየትም ከሪፖርቱ ጋር ማስፈር ትችላለህ፣ አጭርና ጨዋ ይሁን።

ጥያቄ፦ ከወጣሁ ቆየሁ። አልፎብኛል?

መልስ፦ ሕጉ ስህተቱን ካወቅክበት ጊዜ ጀምሮ 3 ዓመት ይላል። ቦርዱ ለፍትሕ ሲል ሊያልፈው ይችላል። ቅጹ ላይ ለምን እንደዘገየህ የምትጽፍበት ቦታ አለ፤ ባዶ አትተወው።

ጥያቄ፦ ልጄ፣ ባለቤቴ ጡረታ የወጡ የጦር ሐኪም ነበሩ። ካረፉ በኋላ ለእኔ የሚተርፍ የጡረታ ክፍያ የለም ተባልኩ። እኔ ማመልከት እችላለሁ?

መልስ፦ ነፍሳቸውን ይማር፣ እትዬ። ይችላሉ። የሞት የምስክር ወረቀትና የጋብቻ ማስረጃ ከእንግሊዝኛ ትርጉሙ ጋር ያያይዛሉ። ከዚያ በፊት ግን አንድ ወረቀት ያፈላልጉ፦ ባለቤትዎ ጡረታ ሲወጡ የሞሉት የጡረታ ክፍያ ቅጽ፣ ዲዲ 2656። ከ1986 ወዲህ ባለትዳር ጡረተኛ ለሚስቱ የሚተርፈውን ክፍያ ለመተው የሚስት የጽሑፍ ስምምነት ያስፈልገዋል። የእርስዎ ፊርማ አለበት? ያኔ ተጋብታችሁ ከነበረና ፊርማዎ ከሌለ በእጅዎ ጠንካራ ነገር አለ። ካለም ራስዎ የፈረሙት መሆኑን ይዩ።

ጥያቄ፦ ካዛንቺስ ቤታችን ፈርሶ ሄደናል። መልሱ የት ይመጣል?

መልስ፦ ቸርችል ጎዳና ዋናው ፖስታ ቤት የፖስታ ሣጥን ተከራይ፣ ኢሜይልህንም ጻፍ። አድራሻህ ከተቀየረ ወዲያው አሳውቃቸው።

ጥያቄ፦ ስንት ያስከፍላል? ኤምባሲ ማረጋገጥስ አለብኝ?

መልስ፦ ማመልከቻው ነፃ ነው። ዲዲ 149 ማህተም አይፈልግም፣ ፊርማህ ይበቃል። ጠበቃ ግዴታ አይደለም፤ በነፃ የሚወክሉ የቀድሞ ወታደሮች ማኅበራት አሉ። ጊዜውን በተመለከተ፣ ሕጉ ቦርዶቹን ከማመልከቻዎች 90 በመቶውን በ10 ወር፣ ሁሉንም በ18 ወር ጨርሱ ይላቸዋል። እምቢ ካሉህ ያልታየ አዲስ ማስረጃ ስታገኝ በማንኛውም ጊዜ እንደገና እንዲያዩት መጠየቅ ትችላለህ። ያንኑ ወረቀት መልሰህ ብትልክ ግን ያንኑ መልስ ነው የምታገኘው። የድሮ ውሳኔዎች ስም ተሰርዞባቸው ኢንተርኔት ላይ ይነበባሉ፤ ካንተ ጉዳይ የሚመሳሰሉ ሁለት ሦስት አንብብና ያሸነፈው ሰው ምን እንዳያያዘ እይ።