ላይፍ ጃኬቱ ከወንበር ሥር ከሆነ ምን ይጠቅማል?

ጥያቄ፦ ጀልባ ተገልብጦ ሰው በሞተ ቁጥር «ዋና ቢችሉ ኖሮ» ይባላል። ጃኬቶቹ እኮ ጀልባው ውስጥ ነበሩ። ውኃ ውስጥ ከወደቁ በኋላ መልበስ አይቻልም? ለልጄስ የትኛውን ልግዛ?

መልስ፦ ሟቾችን መውቀሱ ይቅር፤ ጎበዝ ዋናተኛም ይሰምጣል። ሰው በድንገት ቀዝቃዛ ውኃ ውስጥ ሲገባ ሳይፈልግ በኃይል አየር ይስባል፤ በዚያ ቅጽበት አፉ ከውኃ በታች ከሆነ የሚስበው ውኃ ነው። ትንፋሹ እስኪረጋጋ አንድ ደቂቃ ወይም ከዚያ በላይ ይፈጃል። በዚህ መሀል ጃኬት ፈልጎ ማሰሪያ መቆለፍ እጅግ ከባድ ነው፤ ስለዚህ ጀልባው ከመነሣቱ በፊት ይለበስ።

ሲገዙ በኒውተን የተጻፈውን ቁጥር ያንብቡ፤ 10 ኒውተን 1 ኪሎ ግራም ያህል ያንሳፍፋል። 50 የሚለው ዋና ለሚችልና እርዳታ በቅርቡ ላለው ሰው ብቻ ነው። ራሱን የሳተን ሰው ፊቱን ወደ ላይ እንዲያዞር የሚሠራው 150 ነው፤ የለበሰው ልብስ ከባድ ከሆነ ግን ይህም ላይሳካ ይችላል።

የልጅዎ ጃኬት በክብደቱ ይመረጥ። «ያድግበታል» ብሎ ሰፊ መግዛት አደገኛ ነው! ማሰሪያዎቹን ሁሉ ቆልፈው ትከሻው ላይ ጃኬቱን ይዘው ወደ ላይ ይሳቡት፤ አገጩን ወይም ጆሮውን ከነካ ሰፍቷል፣ ውኃ ውስጥ ሾልኮ ይወጣል። በእግሮቹ መካከል የሚያልፈውን ማሰሪያም አይተዉት። ስፌቱ የተተረተረ ወይም ፎሙ የደረቀ ጃኬት ይወገድ። በጋዝ የሚነፋ ጃኬት ላይ ደግሞ ካፖርት አይደረብ፤ ሲነፋ ደረትን ያፍናል።