በበረዶ ሞተር ታግዞ በስኪ ተራራ ስለመውጣት የተሰጠ መልስ

ጤና ይስጥልኝ። ካናዳ ያለው ወንድምዎ በበረዶ ሞተር ታግዞ በስኪ፣ ማለትም እግር ላይ በሚታሰር የበረዶ መንሸራተቻ፣ ተራራ ሊወጣ መሆኑን ገልጸው፣ ቦታውን በሄሊኮፕተር ከሚመጡ ሰዎች ጋር መጋራቱ ያሰጋ እንደሆነ ከመንዝ፣ ከመሐል ሜዳ ከተማ ጠይቀዋል። እኔም ወደ ደብረ ብርሃን ከመመለሴ በፊት በዚያው አገር እንዲህ ወጥቻለሁ።

ሞተሩ ረጅሙን ሸለቆ ያሻግራል እንጂ ዳገቱ የሚወጣው በስኪው ሥር ወደ ኋላ የማያንሸራትት ጸጉራም ጨርቅ ተለጥፎ በእግር ነው። ሄሊኮፕተሩ ግን ሰዎቹን ጫፍ ላይ ስለሚያወርዳቸው፣ ትልቁ ስጋት ከላይ የሚወርዱት ከታች በሚወጡት ላይ በረዶ ሊንዱባቸው መቻሉ ነው፤ ናዳ በብዛት የሚነሳው ከ30 እስከ 45 ዲግሪ በሚያዘነብል ቁልቁለት ላይ ነውና። ስለዚህ የሚወጣበትን ሸለቆ በዋዜማው ለሄሊኮፕተሩ መሪዎች ደውሎ ያሳውቅ፤ የጓሳ ሣር መቼ እንደሚታጨድ ተመካክሮ በሚወስን አገር ላደገ ሰው ይህ እንግዳ አይሆንበትም።

በ457 ኪሎኸርትዝ የሚሠራውን፣ በናዳ የተቀበረ ሰው የሚፈለግበትን ሬዲዮ ከፍቶ፣ ከስልኩ አርቆ ደረቱ ላይ ይታጠቀው። የተቀበረ ሰው ቆፍሮ የሚያወጣበትን አካፋም ሞተሩ ላይ እንዳያስር አደራ! መሪያችን በበረደ ጣቱ ገመዱን ፈትቶ አካፋዬን ከሞተሩ ወደ ጀርባዬ ሲያዛውረው አስታውሳለሁ፤ የተቀበረ ሰው በ10 ደቂቃ ገደማ ውስጥ ካልወጣ የመትረፍ ዕድሉ በፍጥነት ይቀንሳል።